ስማችን በሩ ላይ ነበር

በ2011 ዓ.ም. ከጉንደ ወይን ተነሥቼ ግቢ ስገባ ምክር ያልሰጠኝ ሰው አልነበረም፤ ምክሩ ሁሉ ግን ስለ ሌባ ነበር። ከእኔ በፊት ተምሮ የወጣው የአጎቴ ልጅ «ስልክሽን ቻርጅ ሰክተሽ ሻወር እንዳትገቢ» አለኝ። እናቴ ብር የምሸጉጥበት ኪስ በቀሚሴ ውስጠኛ በኩል ሰፋችልኝ። ግቢ ገብቼም ያየሁት ይህንኑ ነው። ገመድ ላይ የተሰጣ ጅንስ ሳይደርቅ ይጠፋል። የሎከር ቁልፍ በማንኪያ እጀታ ገንጥሎ የሚከፍት አለ። ላፕቶፕ ያላት ልጅ ከአልጋዋ ብረት ጋር በሰንሰለት ቆልፋው ትተኛለች። ላፕቶፕ ይዞ የሚገባ ሰው የማሽኑን መለያ ቁጥር በር ላይ ጥበቃዎቹ መዝገብ ውስጥ ያስጽፋል፤ ይዞት ሲወጣም ቁጥሩ ይመሳከራል። ይህ አሠራር ደግ ነበር፤ ስንቱን ላፕቶፕ ከበር መልሷል።

ለሴት ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ከላይብረሪ እስከ ብሎካችን ድረስ ካሉት የመንገድ መብራቶች ግማሾቹ አይበሩም። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ላይብረሪው በር ላይ ቆመን «ወደ ሴቶች ብሎክ!» እያልን እንጠራራለን፤ ሰባት ስምንት ስንሆን አብረን እንሄዳለን። ራቅ ያለ ባዶ መማሪያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን አጠናለሁ የምትል ልጅ ብትኖር ሲኒየሮቹ ራሳቸው ይቆጧታል። «ወንድሞችሽ ነን፣ እንሸኝሽ» የሚሉም ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሸኚው ማን፣ አድፋጩ ማን እንደሆነ ለመለየት አንድ ሴሚስተር አይበቃም።

ይህን ሁሉ ለምደን፣ እንዲያውም ጎበዝ የሆንን መስሎን ነው ሁለተኛ ዓመት የገባነው።

በዚያ ዓመት መጀመሪያ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪና ወላጅ ውል እንዲፈርሙ አዝዞ ነበር። ተማሪው ሰላም ላያደፈርስ፣ ወላጁም ልጁን ሊመክር። አባቴ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበና ጸሐፊውን «ግቢው ለእኔ የሚፈርምልኝ ወረቀት የቱ ነው?» አለው። ጸሐፊው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ፈረመ።

ጥቅምት 29 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። ሟቾቹ ኦሮሞ ነበሩ። ወሬው በፌስቡክና በቴሌግራም ከግቢ ግቢ ሲዛመት እሑድን እንኳ አልጠበቀም። በቀጣዮቹ ቀናት በሌሎች ግቢዎች ብቀላ ተጀመረ፤ እዚያ ደግሞ የሚፈለጉት የአማራ ልጆች ሆኑ። የእኔን ግቢ ስም አልጽፍም። ሌላ ቦታ ከሆነው የተለየ ነገር አልሆነበትም፤ ስሙን ብጠራው የዚያ ግቢ ብቻ በሽታ ይመስላል።

ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። ስም ከመጥራት በየአገራችን እንጠራራ ነበር፤ ነቀምቴ፣ ደሴ፣ ሶዶ፣ ሐረር፣ ሆሳዕና። እኔን «ጉንደ ወይን» ማለት ሲረዝምባቸው «ወይኗ» ይሉኝ ነበር። ያን ሳምንት ቡና ማፍላታችንን አልተውንም፤ ጨዋታችን ግን ቀነሰ። ሰው ሁሉ ስልኩን አንገቱን ደፍቶ ያያል፤ ያየውን ግን ጮክ ብሎ አያነብም። አንድ ማታ ነቀምቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። የአክስቷ ልጅ ወልዲያ ነበር የሚማረው፤ ሁለት ቀን ስልኩ አልነሣ ብሏታል። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን ይባላል? «ደኅና ነው፣ ኔትወርክ ነው» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ደወለላት፤ አንድ የላሊበላ ልጅ ቤተ ዘመዱ ጋ ወስዶ ደብቆት ነበር። ይህን የምጽፈው ያ የላሊበላ ልጅ ያደረገውና ነቀምቴ በኋላ ያደረገችው ነገር በልቤ ተያይዞ ስለቀረ ነው።

አሁን በራችን ላይ ስለነበረው የስም ዝርዝር ልናገር። በእያንዳንዱ ዶርም በር ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፋል። የተማሪዋ ስም ከነአባቷ ከነአያቷ፣ የመታወቂያ ቁጥሯ፣ የትምህርት ክፍሏ፣ የአልጋ ቁጥሯ። ዓላማው ክፉ አልነበረም፤ ጀማሪዋ ክፍሏን እንድታገኝ፣ የብሎኩ ተቆጣጣሪ ፕሮክተርም ማን የት እንደምታድር እንድታውቅ ነው። በአገራችን ግን የሦስት ትውልድ ስም ያነበበ ሰው ከየት እንደመጣሽ፣ ምን እንደምታመልኪ፣ በምን ቋንቋ አፍሽን እንደፈታሽ ሳይጠይቅሽ ይገምታል። የእኔ አያት ስም ከሩቅ «ጎጃም» እያለ ይጮኻል። ላፕቶፓችንን በቁጥር መዝግቦ የሚጠብቀው ግቢ እኛን በስማችን በር ላይ ለጥፎን ነበር፤ ያም እስከዚያች ሌሊት ለማንም ነገር ሆኖ አልታየውም።

ሌሊቱ በኅዳር ወር አጋማሽ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ከወንዶቹ ብሎክ በኩል ፉጨት ተሰማ፤ ቀጥሎ ቆርቆሮ ላይ የሚያርፍ ድንጋይ፣ ቀጥሎ መስታወት። መብራት ጠፋ። እስከዛሬ ራሱ ሄደ ወይስ ሰው አጠፋው፣ አልታወቀም። ኮሪደሩ በእግር ኮቴና በልቅሶ ተሞላ። ከታች ያለው የብረት በር ማታ ማታ በሰንሰለት ነው የሚቆለፈው፤ ሌባ እንዳይገባ፣ እኛም እንዳንወጣ። መውጫው እሱ ብቻ ነው። እሳት ቢለቁብን ኖሮ ያ ሰንሰለት ጨርሶን ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን ከውጭ ካሉት የለየን እሱ ነው። ስለዚያ ቁልፍ ሳስብ አሁንም ማመስገኑና መርገሙ ይምታታብኛል።

ከታች ድምፅ ሲቃረብ ነቀምቴ ከአልጋዋ ወረደች። በሩን ከፈተች። ደሴ «የት ነው የምትሄጂው?» ብላ እጇን ያዘቻት። መልስ አልሰጠችም፤ በስልኳ መብራት ወረቀቱን ከበሩ ላይ ገነጠለችና ልብስ የዘፈዘፍንበት ባልዲ ውስጥ ነከረችው። ከዚያ ወጣች። በኮሪደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወረቀት ሲቀደድ ይሰማኝ ነበር። ሐረርም ተከትላት ወጣች። ሲመለሱ የሁለቱም እቅፍ ወረቀት ነበር፤ ሁሉንም ባልዲው ውስጥ ከተው በእግራቸው ረገጡት። ሆሳዕና በዚያ ጭንቅ ውስጥ «ቀሚሴ ቀለም ነካው» አለች። ሳቅን። እንዴት እንደሳቅን እግዜር ይወቅ፤ አፋችንን በብርድ ልብስ ይዘን ነው የሳቅነው።

ከዚያ አልጋውን ጎትተን በሩን ደገፍንበት።

ታች የነበረችው ፕሮክተራችን በዕድሜ የገፋች ሴት ናት፤ ሁላችንም «ማዘር» ነበር የምንላት። ክፍላችን ከደረጃው በላይ ስለሆነ በመስኮቱ በኩል ሁሉም ይሰማ ነበር። ልጆቹ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ በሩን ክፈቺ አሏት። «ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው» አለች። ሐሰት ነው፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ እንደሚንጠለጠል ሁላችንም እናውቃለን። ቀጥለው መዝገቡን ጠየቋት፤ ማን በየትኛው ክፍል እንዳለ የሚናገረውን ትልቁን ደብተር። «መዝገብ ቢሮ ነው የሚያድረው» አለች። አንደኛው ሰደባት። እሷ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ «አንተ የማን ልጅ ነህ? ትናንትና እህቴን ጥሪልኝ ብለህ እዚሁ ቆመህ አልነበር?» አለችው። ልጁ ዝም አለ። ሌላኛው ድንጋይ ወረወረ።

ድንጋዩ የገባው በእኛ መስኮት ነው። ስብርባሪው የግራ ክንዴን ከክርን በታች ሰነጠቀው። ሶዶ ነጠላዋን ቀድዳ አሰረችልኝ፤ እኔ የሚሰማኝ የክንዴ ሳይሆን የስልኬ ነበር፣ ኪሴ ውስጥ ይርገበገባል። እናቴ ናት። ጉንደ ወይን ላይ «የሴቶቹ ብሎክ ተቃጠለ» የሚል ወሬ ደርሶ ኖሯል። እኛ ገና ድንጋይ ላይ ነን፣ እዚያ ተቃጥለናል። አንስቼ በሹክሹክታ «እማ፣ ደኅና ነኝ» ስላት «አንቺ አይደለሽም፣ ጮክ በይ» አለችኝ። ጮክ ማለት አልችልም። ስልኩን ዘጋሁት። እናቴ እስኪነጋ ልጄ ሞታለች ብላ አደረች። ያን ወሬ መጀመሪያ የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ከድንጋዩ ወርዋሪ አሳንሼ አላየውም።

ንጋት ላይ ፌዴራል ፖሊስ ገባ። በሩ ሲከፈት ማዘር ደረጃው ሥር ወንበሯ ላይ ነበረች፤ መዝገቡን ከጋቢዋ ሥር ተቀምጣበት ነው ያደረችው። ከወንዶቹ ብሎክ በቃሬዛ የወጡ ነበሩ። እኔ ክሊኒክ ተሰፋሁ። ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ሰብስበው «ተረጋጉ፣ ትምህርት ይቀጥላል» አሉን። ማን እንደሚቀጥል ግን ካፌው ላይ ታየ፤ ለምሳ ከሚሰለፈው ሰው እኩሌታው ቀርቷል።

እንቆይ ወይስ እንሂድ በሚል ዶርማችን ውስጥ ክርክር ነበር። ደሴ ያን ቀን ወጣች። ነቀምቴ እኔን «አትሂጂ» አለችኝ፤ ምክንያቷን ያኔ ንቄው ነበር፤ «እዚህ የሚያውቅሽ ሰው አለ፣ መንገድ ላይ ማን ያውቅሻል?» አለችኝ። እኔ አልሰማኋትም፤ ስሄድ ግን ሊነጋጋ ሲል እስከ በሩ ሸኘችኝ። በዚያ ወቅት ከየግቢው የወጣው ተማሪ ከ35 ሺህ ይበልጥ እንደነበር በኋላ ተነገረ። በኅዳር ማብቂያ አካባቢ ደግሞ ከደንቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወጥተው ወደ ቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች መንገድ ላይ ታገቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል 17 ብሎ መዝግቧቸዋል። ያን ስሰማ የነቀምቴ ቃል ታወሰኝ። እኔ አዲስ አበባ ደርሼ፣ ከዚያ በፍቼና በጎሐ ጽዮን ዓባይን ተሻግሬ፣ ደጀን ላይ ወደ ቢቸና ታጥፌ በሰላም ገባሁ። እነሱ አልገቡም። በእኔና በእነሱ መካከል የነበረው ልዩነት ብልኅነት አልነበረም፤ የሄድንበት መንገድ ብቻ ነው።

ኅዳር 30 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኦስሎ ላይ የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ ጉንደ ወይን አንድ ቡና ቤት ውስጥ በቴሌቪዥን አየሁ። ክንዴ ገና እንደተጠቀለለ ነው። ከተቀመጡት አንዱ ሽማግሌ ክንዴን አይተው «ወድቀሽ ነው?» አሉኝ። «አዎ አባባ» አልኳቸው። ማውራት አልፈለግሁም።

ተበዳይ ነኝ ብዬ ተደላድዬ እንዳልቀመጥ ያደረገኝ ግን ታኅሣሥ 10 ነው። ዓርብ ቀን ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተዘርፈው ነደዱ። ሞጣ ጎረቤታችን ናት፤ ከጉንደ ወይን በባሕር ዳር መንገድ ቀጣይዋ ትልቅ ከተማ እሷው ናት። እዚያ የማውቃት አንዲት ሙስሊም ልጅ ነበረች፤ እንደ እኔው ከሌላ ግቢ ሸሽታ የመጣች። ግቢ ውስጥ «አማራ» ተብላ ተባረረች፤ አገሬ ገባሁ ስትል የአባቷ ሱቅ በሃይማኖቱ ምክንያት ተቃጠለ። ስደውልላት «አሁን ወዴት ልሽሽ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች የግቢውን ነገር እያነሡ «እነሱ» ሲሉኝ መልስ መስጠት አቃተኝ። የሞጣን ሱቆች ያቃጠለው ሰው ዝርዝር አላስፈለገውም፤ ባለቤቶቹን ሁሉ በስም ያውቃቸው ነበር። ስለዚህ «የሚያውቅሽ ሰው» የሚለው የነቀምቴ ቃልም ሁልጊዜ አይሠራም ማለት ነው። ይህን ለራሷ ነገርኳት። «እኔ ያልኩት ስም የሚያውቅ አይደለም፣ አብሮሽ የበላ ነው» አለችኝ። እሱንም የሞጣዋ ልጅ አትቀበለውም፤ ክርክሩ እስከዛሬ አልተቋጨም።

ጥር ላይ ተመለስኩ። አባቴ አልፈለገም፤ እናቴ ከሱ ይልቅ ደፋር ሆና ተገኘች፣ «ሁለት ዓመቷን ለማን ትታ?» አለች። ግቢው ተለውጧል። በሩ ላይ ፍተሻው ጠብቋል፤ ስለት፣ ዱላ፣ የቢላ ዓይነት ሁሉ ይወሰዳል። ፌዴራል ፖሊሶች በየብሎኩ መካከል ይቆማሉ። የሚያረጋጋም የሚያስፈራም ነው፤ ከላይብረሪ ስንመለስ ከእንግዲህ የምንፈራው አድፋጭ የለም፣ ግን መሣሪያ በያዘ ሰው መካከል አልፎ መተኛትም እንግዳ ነገር ነው። የመንገዱ መብራት ግማሹ እንደጠፋ ነበር። ይህ ለምን ከሁሉ ቀድሞ እንዳልተሠራ ተማሪዎች ኅብረት ጠይቆ ያገኘው መልስ «በጀት» ነው።

በሮቹ ላይ አዲስ ዝርዝር ተለጥፏል። በዚህኛው ስም የለም፣ የመታወቂያ ቁጥርና የአልጋ ቁጥር ብቻ። ማን እንዳሰበው አላውቅም፤ የማዘር እጅ ይኖርበታል ብዬ እጠረጥራለሁ። በሳምንቱ ከአንዳንዱ ቁጥር አጠገብ አንድ ሰው በእስክሪብቶ ትንንሽ ምልክት አድርጎ አገኘን። ማንን ለመለየት የተደረገ ምልክት እንደሆነ ገባን። ነቀምቴ እንደ ልማዷ ቀደደችው። ማዘር ሌላ አልለጠፈችም፤ አዲስ ለምትመጣ ልጅ ራሷ እጇን ይዛ ክፍሏን ታሳያት ጀመር።

መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ፣ ሁላችንንም ወደየቤታችን ላከን። ተመርቀን የወጣነው ከብዙ መንገላታት በኋላ ነው።

አሁን ታናሽ እኅቴ የ12ኛ ክፍል ፈተና ትጠብቃለች። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው ራሱ በአብዛኛው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለሆነ፣ ሳትመደብ ግቢ አድራ ታየዋለች። እናቴን የሚያስጨንቃት መንገዱ ነው። ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይዘው ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ አውቶቡሶች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ተይዘው ከመቶ በላይ ሰው ታግቷል፤ ያ መንገድ የእኛም መንገድ ነው። ለእኅቴ የምነግራት ብዙ አይደለም። የቤትና የሁለት ሰው ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፣ ባትሪ ያልቃል። ጫማሽን አልጋሽ ሥር አንድ ቦታ አድርጊ። ብሎክሽ ስንት መውጫ እንዳለው በቀን ዞረሽ እዪ፣ አንድ ብቻ ከሆነ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድር ጠይቂ። ሌሊት የሰማሽውን ወሬ ለማንም አትላኪ። ሰላም ሳለ ከዶርምሽ ልጆች ጋር ተነጋገሩ፤ አንድ ሰው መጥቶ «እዚህ እነማን አሉ?» ቢል መላሿ ማን ናት፣ የምትለውስ ምንድን ነው? እኛ ይህን አስቀድመን አልተነጋገርንበትም፤ ነቀምቴ ብቻዋን ወሰነችው።

ባለፈው እሑድ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ እኅቴንና ነቀምቴን አገናኘኋቸው። ነቀምቴ አሁን አስተማሪ ናት፤ ድምፅዋም የአስተማሪ ሆኗል። «ካፌ ውስጥ ከአገርሽ ልጆች ጋር ብቻ አትቀመጪ» አለቻት። «በየቀኑ ወንበር ቀይሪ። ፕሮክተርሽን ጠዋት ጠዋት ሰላም በያት፤ ስታስፈልግሽ አይደለም፣ ዝም ብለሽ።» እኅቴ ደብተሯ ላይ ጽፋ ጨረሰችና የካፌው ሽሮ እውነት ያን ያህል ቀጭን እንደሆነ ጠየቀቻት። ነቀምቴ «ፊትሽን ታዪበታለሽ» አለቻት።